ከማቋረጥ ባሻገር፦ በሱስ ሕክምና ጥናቶቻችን ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

በሱስ የተያዘ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ በአብዛኛው የሚጠየቀው ምን እንደሚጠቀም፣ በምን ያህል መጠንና ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠቀም ነው። ካቋረጠ በኋላ በአሥረኛው ቀን፣ በአራተኛው ወርና በዓመቱ ምን ላይ እንደደረሰ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በአገራችን በአልኮል፣ በጫትና በሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች ላይ የታተሙት ጥናቶችም በአመዛኙ ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው። ተጠቃሚውን በጥንቃቄ ቆጥረውልናል፤ ያቋረጠውን ሰው እግር በእግር የተከታተሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብዙ ድካም የተሠራውን ሥራ ማጣጣል አይደለም። ዓላማው ቁጥሮቹ ለሕክምናው የሚሰጡትን ጥቅምና ሊሰጡ የማይችሉትን ለይቶ ማሳየት፣ በተለይም የማቋረጥ ምልክቶችን የምንለካበትና የሕክምናን ውጤት የምንመዝንበት መንገድ ለበሽተኛው ሕይወት ያለውን ትርጉም መመርመር ነው። ምሳሌዎቹ በተቻለ መጠን ከአዲስ አበባ፣ በተለይም ከቂርቆስ ክፍለ ከተማና ከካዛንቺስ የተወሰዱ ናቸው። «ዓ.ም.» ተብለው ካልተገለጹ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆጠራው ምን አስተማረን?

በአገራችን ለሱስ ጥናት መሠረት ከጣሉት ሥራዎች መካከል በቡታጅራና በአዲስ አበባ የተካሄዱት ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና ጥናቶች በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና ባልደረባቸው በ1999 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት፣ ከ10,468 ዐዋቂዎች መካከል 55.7 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ፣ 50 በመቶው ደግሞ በጥናቱ ወቅት ይቅሙ እንደነበር ገልጸዋል። ከሚቅሙት መካከል በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጡ ተጓዳኝ ጥናቶች ችግር የሚያስከትል የአልኮል አጠቃቀም በቡታጅራ 3.7 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 2.7 በመቶ መሆኑን፣ በአዲስ አበባ በአልኮል ጥገኝነት የተያዙት ደግሞ 1 በመቶ ያህል መሆናቸውን አመልክተዋል።

የእነዚህ ቁጥሮች ጥቅም አያጠያይቅም። «በእኛ አገር ሱስ የሕክምና ጉዳይ አይደለም» ይባል በነበረበት ዘመን ጉዳዩን ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ ያመጡት እነርሱ ናቸው። ዶክተር አበባው ፈቃዱ ከዶክተር አታላይ ዓለምና ከዶክተር ሻርሎት ሃንሎን ጋር በ2007 ያቀረቡት ዳሰሳም እስከዚያ ድረስ የተሠራውን ሰብስቦ ያለፈውን፣ የነበረውንና የሚመጣውን ለማሳየት የሞከረ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ በኋላ በተከተለው ልማድ ላይ ነው። ቀጣዮቹ ጥናቶች ቁጥራቸው በርካታ ቢሆንም ብዙዎቹ የአንድ ጊዜ ቅኝቶች፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተካሄዱ ናቸው። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ተማሪ በአንድ ቦታ ይገኛል፣ መጠይቅ በራሱ ይሞላል፣ ጥናቱም በአንድ የትምህርት ዘመን ተጀምሮ ያልቃል። ይሁን እንጂ በመማሪያ ክፍል ተቀምጦ መጠይቅ የሚሞላው ወጣትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው የ45 ዓመት ጎልማሳ አንድ አይደሉም። ከመጀመሪያው የተገኘው አኃዝ ለሁለተኛው ምን እንደሚደረግለት አይነግረንም።

በ2016 ሳምሶን ዱሬሶና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አንድ እርምጃ የተራመደ ነው። በ400 ጫት ተጠቃሚዎች ላይ ባደረጉት ቃለ መጠይቅ፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አምስተኛ የምርመራ መመሪያ መሠረት 10.5 በመቶው ቀላል፣ 8.8 በመቶው መካከለኛ፣ 54.5 በመቶው ደግሞ ከባድ የአጠቃቀም ችግር እንዳለባቸው አግኝተዋል። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ጥናቱ የተካሄደው በተጠቃሚዎች ላይ ብቻ ስለሆነና ተጠቃሚዎቹም የአገሪቱ ቃሚዎች ሁሉ ናሙና ስላልሆኑ «ከኢትዮጵያ ቃሚዎች ከግማሽ በላዩ ከባድ ሱሰኛ ነው» ተብሎ ሊጠቀስ አይገባም። የሥራው ዋና ዋጋ ጥያቄውን ከ«ስንት ሰው ይቅማል?» ወደ «የቃሚው ችግር ምን መልክ አለው?» ማዞሩ ነው። እነዚሁ አጥኚዎች በ2018 ባወጡት ሌላ ሥራ ደግሞ ጫት ለማቆም የሞከሩ ሰዎችን በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ውስጥ እየተከታተሉ የማቋረጥ ምልክቶቻቸውን መዝግበዋል። ሊበዛልን የሚገባው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ሐራራ፣ ዱካክ፣ ጨብሲ

የውጭ መለኪያ ወደ አማርኛ ሲተረጐም የተለመደው አሠራር ወደ አማርኛ መልሶ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ይህ አሠራር በመለኪያው ውስጥ ያለው ቃል በትክክል መተርጐሙን ያረጋግጣል። በመለኪያው ውስጥ የሌለው ግን በሕዝቡ አፍ ያለው ቃል በዚህ መንገድ ሊገኝ አይችልም።

«ሐራራ» የሚለውን ቃል እንመልከት። አንድ ሰው «ሐራራዬ መጣ» ሲል የመፈለግ ስሜትን ብቻ አይደለም የሚገልጸው። ማዛጋት፣ መፍዘዝ፣ መነጫነጭና የሰውነት መዛልም በቃሉ ውስጥ ይገባሉ። በውጭ መለኪያዎች ግን የመፈለግ ጉጉትና የማቋረጥ ምልክት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመሆኑም «ሐራራ አለብህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው አንድ «አዎ» በመዝገቡ ላይ ለየትኛው እንደተቆጠረ አይታወቅም። በተጨማሪም ሐራራ ለጫት ብቻ ሳይሆን ለሲጋራና ለቡናም ይነገራል።

«ዱካክ» የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። ጫት ያቆመ ሰው ከሚያማርራቸው ነገሮች ዋነኛው በእንቅልፍ ልብ የሚመጣው አስጨናቂ ቅዠት ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች ወደ ጫት የሚመለሱት ይህንኑ ለመሸሽ እንደሆነ ይናገራሉ። በአጠቃላይ መለኪያዎች ላይ ግን «የእንቅልፍ ችግር» ከሚለው ሰፊ አርእስት ሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ባለሙያው በስሙ ካልጠየቀው በሽተኛውም አያነሣውም።

«ጨብሲ» ደግሞ ምልክት ሳይሆን ልማድ ነው። ከበርጫ በኋላ ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው አልኮል ነው። ካዛንቺስን በቀድሞ መልኩ ያወቀ ሰው ጫት ቤቱና መጠጥ ቤቱ ጎን ለጎን ይሠሩ የነበረው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ጥናቶቻችን ጫትን በአንድ ሠንጠረዥ፣ አልኮልን በሌላ ሠንጠረዥ ለይተው ሲያቀርቡ ሁለቱ በአንድ ሰው የአንድ ቀን ሕይወት ውስጥ የተያያዙበት ክር ይጠፋል። ለጨብሲ የሚጠጣ ሰው ጫቱን ሳይነኩ አልኮሉን ብቻ አቁም ቢባል ምክሩ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም።

በዚህ ረገድ አወቀ ምሕረቱ፣ ሰሎሞን ተፈራና አበባው ፈቃዱ በ2017 «ችግር የሚያስከትል የጫት አጠቃቀም ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው ራሱን ማኅበረሰቡን በመጠየቅ መጀመራቸው የሚመሰገን ነው። መለኪያ ከመተርጐም በፊት ጆሮ መስጠት ይቀድማል።

የኦፒዮይድ መለኪያና የእኛ በሽተኛ

የሞርፊን፣ የፔቲዲን፣ የትራማዶልና የሄሮይን ተጠቃሚዎች ቁጥር በአገራችን ከአልኮልና ከጫት ተጠቃሚዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ሆኖም ጉዳዩ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ በእጃችን የሚያልፉ ሲሆን፣ ለእነርሱ ቅርብ መሆን በራሱ ለባለሙያው አደጋ እንደሆነ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው።

የኦፒዮይድ ማቋረጥን ክብደት ለመለካት በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ዌሰንና ሊንግ በ2003 ያወጡት ባለ 11 ነጥብ ቅጽ ነው። የልብ ምት፣ ላብ፣ መቁነጥነጥ፣ የዓይን ብሌን ስፋት፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍንጫና የዓይን ፈሳሽ፣ የሆድ ሕመምና ተቅማጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማዛጋት፣ መጨነቅና የሰውነት ፀጉር መቆም ይመዘናሉ። ድምሩ ከ5 እስከ 12 ከሆነ ቀላል፣ ከ13 እስከ 24 መካከለኛ ይባላል። ቅጹ ጥሩና አጭር ነው። የተዘጋጀው ግን ጫት ለሚቅምና በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ለሚጠጣ ሰው አይደለም።

በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። የልብ ምትን ያፈጥናል፤ የዓይን ብሌንን ያሰፋል፤ ያቁነጠንጣል። አሁን አንድ ሰው ከቃመ በኋላ ለምርመራ ቀርቧል እንበል። የልብ ምቱ በደቂቃ 110 ስለሆነ 2 ነጥብ፣ ብሌኑ በመጠኑ ስለሰፋ 2 ነጥብ፣ መቀመጥ እንዳስቸገረው ስለተናገረ 1 ነጥብ፣ በግልጽ ስለተነጫነጨ 2 ነጥብ ያገኛል። ጠዋት ቡና ስላልጠጣ አንዴ ቢያዛጋ ደግሞ 1 ይጨመርለታል። ድምሩ 8 ይሆናል። ሰውየው ከኦፒዮይድ አንዳች ሳይጎድልበት «ቀላል የማቋረጥ ምልክት አለው» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ የወረቀት ስሕተት ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ ነበር። በአንዳንድ የሕክምና መመሪያዎች ቡፕረኖርፊን መስጠት የሚጀመረው በዚሁ በ8 ነጥብ አካባቢ ነው። ኦፒዮይድ ገና ከሰውነቱ ላልወጣ ሰው ቡፕረኖርፊን ቢሰጠው መድኃኒቱ ራሱ ድንገተኛና ከባድ የማቋረጥ ሕመም ይቀሰቅሳል። እንዲህ የተሠቃየ በሽተኛም ዳግመኛ ወደ ክሊኒኩ ለመምጣት አይደፍርም።

መፍትሔው ቅጹን መጣል አይደለም። ከቅጹ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ መጨረሻ የቃምከው መቼ ነው? መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው? ዛሬ ቡና ጠጥተሃል? በምርመራውም ጫት የማያመጣቸው ምልክቶች፣ ማለትም የሰውነት ፀጉር መቆም፣ የአፍንጫና የዓይን ፈሳሽ፣ ተቅማጥና የአጥንት ሕመም የተለየ ትኩረት ይሰጣቸው። በተለይ ጫት ሆድን የሚያደርቅ በመሆኑ ተቅማጥ መኖሩ ጠቃሚ መለያ ነው። ትራማዶልን በተመለከተ ደግሞ ከተለመዱት የኦፒዮይድ ምልክቶች ሌላ ከባድ ፍርሃት፣ የሰውነት መደንዘዝና ቅዠት መሰል ስሜት ሊታይ እንደሚችል፣ እነዚህም በቅጹ ላይ እንደማይገኙ ማስታወስ ያስፈልጋል።

«ተሳክቶለት ወጣ» ሲባል

በሱስ ሕክምና ሪፖርቶች ላይ በብዛት የሚነበበው የስኬት መለኪያ ሕክምናውን ጨርሰው የወጡ ሰዎች ቁጥር ነው። አንድ የሄሮይን ተጠቃሚ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ምልክቱ ይጀምረዋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታበታል፤ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም ይለቀዋል። በአሥረኛው ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሶ ሲወጣ ባለሙያውም ቤተሰቡም ደስ ይላቸዋል። ማስረጃው የሚያስጠነቅቀን ግን በዚሁ ሰዓት ነው።

ጆን ስትራንግና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ተኝተው የኦፒዮይድ ማቋረጥ ሕክምና የወሰዱ 137 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ሦስት ሰዎች የሞቱት በአራት ወራት ውስጥ ነበር፤ ሦስቱም ሕክምናውን በስኬት ከጨረሱት 37 ሰዎች መካከል ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን የተላመደበት አቅም በማቋረጡ ይጠፋል፤ ሰውየው ሱሱ አገርሽቶበት የቀድሞውን መጠን ሲወስድ ያ መጠን ገዳይ ይሆንበታል። ሪፖርታችን «የተሳካላቸው» ብሎ የሚቆጥራቸው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት ሰዎች ሆነው ተገኙ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ከስዊድን የወጣው የካኮና የባልደረቦቹ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። 40 የሄሮይን ጥገኞች በዕጣ ተከፍለው 20ዎቹ ቡፕረኖርፊን ለአንድ ዓመት ተሰጣቸው፤ 20ዎቹ ደግሞ ለስድስት ቀናት ብቻ እየተቀነሰ ከተሰጣቸው በኋላ ባዶ እንክብል ተተካላቸው። የምክርና የቡድን ድጋፉ ለሁለቱም ወገኖች አንድ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ወገን 75 በመቶው በሕክምና ላይ ሲገኙ ከሁለተኛው ወገን አንድም ሰው አልቀረም፤ አራቱም ሞተው ነበር። በ2017 የታተመው የሶርዶና የባልደረቦቹ ሰፊ ዳሰሳ ደግሞ በሜታዶን ሕክምና ላይ ባሉ ሰዎች በዓመት ከሺህ 11.3 የነበረው ሞት ሕክምናውን ባቋረጡት ዘንድ 36.1 እንደሚደርስ አሳይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ታንዛኒያ በ2011 በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያ በ2014 መጨረሻ የሜታዶን ሕክምና ጀምረዋል። ስለዚህ «ይህ የሀብታም አገር ሕክምና ነው» የሚለው ክርክር በጎረቤቶቻችን ልምድ ተመልሷል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ድምዳሜ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያሻል። በሐኪም ትእዛዝ ሞርፊን የሚወስድ የካንሰር ሕመምተኛ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት የማቋረጥ ምልክት ቢታይበት ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። አምስተኛው የምርመራ መመሪያም መላመድንና የማቋረጥ ምልክትን እንዲህ ባለው በሽተኛ ላይ እንደ ሱስ መለያ አይቆጥራቸውም። ሱስን በመፍራት ሕመምን ሳያስታግሱ መተው ሌላው የሙያ ጥፋት ነው።

ከዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚወሰድ ትምህርት

የተለየ አሠራር ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናን ቀድመው ከጀመሩት ተቋማት አንዱ ነው። ሕክምናው በ2003 በክፍያ ተጀምሮ በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ባለሙያዎቻችን አዲስ አስተሳሰብ ተምረዋል። የስኬት መለኪያው በሽተኛው መድኃኒቱን ጨርሶ መሄዱ ሳይሆን በ12ኛው ወር በሕይወትና በሕክምና ላይ መገኘቱ ሆነ። ቀጠሮውን ያሳለፈ ሰው በስልክ ይፈለግ፣ ካልተገኘም ቤቱ ድረስ ይኬድ ጀመር። «ለምን ቀረህ?» የሚለው ጥያቄም ከወቀሳ ይልቅ ችግሩን የመረዳት ቃና ያዘ።

የሱስ በሽተኛ ግን በብዙ ቦታ ይህን አላገኘም። ቢቀር «ድሮም ሱሰኛ ነው» ተብሎ ይተዋል፤ ቢያገረሽበት እንደ ውለታ ቢስ ይታያል። የደም ግፊቱ ዳግም ከፍ ያለን ሰው ማንም ከሕክምና አያባርረውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በበሽታዎቹ ጠባይ ሳይሆን በእኛ አመለካከት ውስጥ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው፣ የቀጠሮ መዝገቡና የጠፉትን የመፈለጉ ልማድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሻገር የሚችሉ ናቸው።

ሰፈሩ ሲነሣ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም መጠሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሕንፃ፣ ሆቴሎች፣ የቀበሌ ቤቶች፣ መጠጥ ቤቶችና ጫት ቤቶች ተጎራብተው የኖሩበት ሰፈር ሆኖ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አብዛኛው የሰፈሩ ክፍል ፈርሶ በርካታ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳር አካባቢዎች ተዛውረዋል።

ይህ ለሱስ ተመራማሪ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ ሰውን ወደ ሱሱ የሚመልሱት የለመደው መንገድ፣ የለመደው በርና የለመዳቸው ጓደኞች እንደመሆናቸው ከእነርሱ መራቅ ለአንዳንዱ የማቆሚያ ዕድል ሊሆን ይችላል። ለሌላው ግን የሚያበድረው ጎረቤት፣ የሚገሥጸው ሽማግሌና በእግሩ ይደርስበት የነበረው ጤና ጣቢያ ጠፍቶበት ይበልጥ ወደ ሱስ የሚገፋው ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚያመዝን በግምት ሊነገር አይገባም፤ ሊጠና ይገባል። ሁለተኛው፣ በቀበሌና በቤት ቁጥር ብቻ የተመዘገበ በሽተኛ ሰፈሩ ሲነሣ ከመዝገቡ ይጠፋል። የተዛወረውን «ያገረሸበት» ወይም «ያቋረጠ» ብሎ መቁጠር፣ ወይም ጭራሹን ከስሌቱ ማውጣት፣ ሁለቱም ውጤቱን ያዛባሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለአጥኚዎችና ለባለሙያዎች ይቀርባሉ። የሱስ ሕክምና ጥናት ዋና ውጤት በ12ኛው ወር በሕይወትና በሕክምና ላይ መገኘት ቢሆን፤ ሞት በግልጽ ቢመዘገብ። የማቋረጥ መለኪያ በአማርኛ ሲዘጋጅ ሐራራና ዱካክ በስማቸው እንዲጠየቁ፣ የጫት፣ የአልኮልና የቡና የመጨረሻ ሰዓት ከቅጹ አናት ላይ እንዲጻፍ ቢደረግ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ፣ በፈቃዱ፣ ቢያንስ ሁለት የስልክ ቁጥሮችና አንድ የቅርብ ሰው አድራሻ ቢያዝ። የኦፒዮይድ ማቋረጥ ሕክምና ጨርሶ የሚወጣ ሰውና ቤተሰቡ የቀድሞው መጠን አሁን ሊገድል እንደሚችል በግልጽ ቋንቋ ሳይነገራቸው እንዳይሸኙ ቢደረግ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ አዲስ በጀት አይጠይቁም። የመጨረሻው ደግሞ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ነው። ቆጠራው ድርሻውን ተወጥቷል። ከእንግዲህ የሚጠበቅብን ከክፍላችን በር የወጣው ሰው በዓመቱ የት እንደሚገኝ ተጠይቀን መልስ መስጠት መቻል ነው።